የሐሙስ ቀጠሮ

እጁን እስከ ትከሻው ድረስ አንስቶ ነበር። ሚስቱ ከመንገዱ ወዲያ ጫፍ ስትመጣ ባየ ጊዜ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጥላ ሥር ሆኖ ፊቱ በራ፤ ጥርጣሬውን ለአንድ አፍታ ረሳና እጁን አነሳ። እሷ ግን በዚያው አረማመዷ መጣች፤ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት በጎኑ አለፈች፤ የቀሚሷ ጫፍ ሱሪውን ነካው። ዞር አላለችም። ስድስት ወር ያለፈውን ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ፣ ዓይኗን ከፊት ለፊቷ ሳትነቅል፣ እዚያ ሰው ያልቆመ ይመስል ሄደች።

አጠገቡ ጋዜጣ የያዘ ሽማግሌ ነገሩን አይቶ ኖሮ ከንፈሩን መጠጠ። ባልየው፣ የማተሚያ ቤት ማሽኒስት፣ የተነሳ እጁን የት ያግባው? ጸጉሩን አከከበት።

"አላየችኝም" አለ በሆዱ። ሆዱ ግን ሰሞኑን ከእሱ ጋር ስምም አልነበረም። "እንዴት አታይህም? ቀሚሷ ነክቶህ! ያልፈለገ ዓይን ዝሆንም አያይ" አለው።

እነዚህ ሁለት ሰዎች የተዋደዱት በወረቀት ጠርዝ ላይ ነው። እሷ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አንድያ ልጅ ናት። ፎቅ ላይ፣ በመስታወት በተከፈለ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ከመታተሙ በፊት ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ታርማለች። ሠራተኛው "ቀይ ብዕር" ይላታል። እሱ የምድር ቤቱ የትልቁ ማሽን ሰው ነው። እሱንም "ቀለሜ" ይሉታል፤ በትምህርቱ እንዳይመስላችሁ፤ እጁ ከቀለም ጠርቶ ስለማያውቅ ነው። አንድ ቀን ለእርማት በወጣ ወረቀት ጠርዝ ላይ "እዚህ ገጽ ላይ የጣት አሻራ አለ፤ ይወገድ" ብላ በቀይ ጻፈች። እሱም ከሥሩ በእርሳስ "ጣቱ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ባለጣቱ ግን አልተጸጸተም" ብሎ መለሰላት። ማግስቱን ወረቀቱ ሲመጣ ማሽኑን አቁሞ ገለጠው። "ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ድፍረቱ ይታረም" ይላል።

ድፍረቱ አልታረመም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው መጽሐፍ ዳርና ዳር ሲጻጻፉ ኖሩ። አባቷ የሰሙ ዕለት "ልጄን ለማሽን ዘይት አላሳደግኳትም" አሉ። እሷ ግን አባቷ ሲቆጡ ዝም፣ ሲለምኑ ዝም፣ ሲያኮርፉ ዝም እያለች ስምንት ወር አስጠበቀቻቸው። በመጨረሻ በሠርጉ ላይ መጥተው ግማሽ ሰዓት ተቀመጡና ውሃ ጠጥተው ሄዱ። ቀይ ብዕርም የአባቷን ፎቅ ትታ፣ ከባሏ እናት ግቢ ሁለት ክፍል ቤት ገባች።

እናቱ በሰው ልብስ አጣቢነት ያሳደጉት ሴት ናቸው። ጥርጣሬውን ቤት ውስጥ ያስገቡትም እሳቸው ናቸው፤ ክፋት ኖሯቸው ሳይሆን የሥራቸው ነገር ሆኖ። ልጅቱ ባረገዘች በአራተኛው ወር፣ ልብስ ሲያሰጡ ልጃቸውን ጠርተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አርባ ዓመት የሰው ልብስ አጥቤያለሁ፤ እድፍ አይዋሸኝም" አሉ። "በሠርጋችሁ ሳምንት ሸሚዟን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ደረቱ ላይ ወተት ደርቆበት ነበር።"

"ምን ወተት?"

"የጡት ነዋ! ወልዳ የማታውቅ ሴት ወተት ከየት ታመጣለች? የትም የተቀመጠ ልጅ ከሌለ..."

"እማዬ፣ ተይ!"

"እስከዛሬ ትቼውስ አይደል? ደሞ ያቺ በሳምንት ሁለቴ እየተደበቀች የምትውጣት ኪኒን ምን ነበረች? እንዳታረግዝልህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?"

"ተይ" ብሎ ሄደ እንጂ ነገሩ አልተወውም። ከእሱ በፊት ሚስቱን አጭቷት የነበረ የባለጸጋ ልጅ እንዳለ ያውቃል። ያ ሰው ሠርጉ አንድ ወር ሲቀረው ጥሏት ሄዷል። ለምን እንደሆነ የማተሚያ ቤቱ ሰዎች ሲጠየቁ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ፤ የትከሻ ወሬ ደግሞ ከአፍ ወሬ ይከፋል። ከሁሉ በላይ ሐሙስ ነበር። ካረገዘች ወዲህ በየወሩ መጀመሪያ ሐሙስ ሥራ አትገባም። ጠዋት ሻርፗን አስራ ትወጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። የት እንደዋለች አትናገርም። የእርግዝና ክትትሏ ሰኞ ሰኞ ሰፈር ካለው ጤና ጣቢያ ነው፤ እሱም አብሯት ይሄዳል። ሐሙስ ታዲያ የማን ነው?

በአምስተኛው ወር ሐሙስ ጠዋት በር ላይ ጠበቃት።

"ሐሙስ ነው ዛሬ" አላት።

"አዎ፣ ሐሙስ ነው።"

"የግድ መሄድ አለብሽ?"

እጇ ሻርፗ ላይ ቆመ። "ታውቅ የለም እንዴ?" አለች በለሆሳስ።

"አውቃለሁ!" አለ፤ ምንም ሳያውቅ። ያወቀ መስሎ እውነቱን ሊያወጣጣት ነበር። "ሁሉንም አውቃለሁ። ዝም ያልኩት አፍ አጥቼ አይደለም።"

ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ዝም በማለትህ በሆዴ ስንት ጊዜ እንዳመሰገንኩህ ብታውቅ..."

ይህን ጊዜ ደሙ ፈላ። ይህን ያህል ትንቀኛለች? ባሏ አውቆ ዝም ስላለላት ታመሰግናለች?

"እንግዲያው ሰለቸኝ!" አለ። "ይሄ ሐሙስ የሚባል ነገር ሰልችቶኛል። ከእኔ ጋር መኖር ከፈለግሽ ይቅር።"

"ሰለቸህ?"

"ሰለቸኝ።"

ረጅም ጊዜ ፊቱን አየችው። ሻርፗን ፈታች፤ አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና "እሺ" አለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ሐሙስ ቃል አልወጣትም። ማሽኒስቱ አሸነፍኩ ብሎ ሊደሰት ሲል፣ ያቺ "እሺ" እንደ እሾህ ወጋችው። ንጹሕ ሰው ቢሆን ይሟገት አልነበረም?

በዚያው ሳምንት ስልኳን እቤት ረስታ በሄደችበት ጠራ። አነሳው። የወንድ ድምፅ ነው፤ ሻከር ያለ፣ የተረጋጋ።

"ሐሙስ ስትቀር አሳስቦኝ ነው። ደህና ናት?"

"አንተ ማነህ?"

"ባለቤቷ ነህ? እኔማ—"

"ከእንግዲህ ወዲያ አትደውል!" ብሎ ዘጋው። ቁጥሩን ከስልኳ ላይ አጠፋ። ለማንም አልተናገረም፤ ለእሷም።

ከዚያ በኋላ ያየው ሁሉ ማስረጃ ሆነበት። በጎን ሲቀመጥ አታየውም፤ ቢያወራት ትደነግጣለች። የበሩን መቃን በትከሻዋ እየመታች ክንዷ በለዘ። "ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው" አለ። ራሷን ያማታል፤ ግንባሯን ጨብጣ ትቀመጣለች። "ጸጸት ነው" አለ። ፎቅ ላይ ደግሞ ቀይ ብዕር መሳሳት ጀመረች፤ ከመስመር መጨረሻ ቃል ያመልጣታል፤ አንድ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ሊታተም ሲል አባቷ ራሳቸው አስቆሙት። "እርጉዝ ናት፣ ይደክማታል" አሉ ሰዎች። እሱ ብቻ ራሱን ነቀነቀ።

በጎኑ ያለፈችበት ያን ቀን፣ ከማቆሚያው ቤት እንደገባ ጠየቃት።

"ቅድም አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አላየሽኝም?"

"የት?" አለች። ግንባሯ ተሸበሸበ። "አንተ እዚያ ነበርክ?"

"በጎኔ ነው ያለፍሽው።"

"ቢሆን ኖሮ አይህ ነበር እኮ።"

"እኔም የምለው እሱን ነው" አለና ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ።

በማግስቱ የመጨረሻ ዕድል ልስጣት አለ። ፎቅ በሚወጣው ወረቀት ቀኝ ጠርዝ ላይ፣ እንደ ድሮው በእርሳስ፣ "የማላውቀው ነገር ካለ ንገሪኝ፤ እውነት ከሆነ እችለዋለሁ" ብሎ ጻፈ። ወረቀቱ እኩለ ቀን ላይ ተመለሰ። መሐሉ ላይ ሦስት እርማት አለው። ጠርዙ ላይ የእሱ ጽሑፍ ብቻውን ተቀምጧል፤ ምልክት እንኳ አላደረገችበትም። ወረቀቱን ጨምድዶ ኪሱ ከተተ። ዛሬ ማታ ዕቃዬን ይዤ ከእናቴ ክፍል እተኛለሁ ብሎ ወሰነ።

ማታው ሳይደርስ ነው ነገሩ የመጣው። ከሰዓት በኋላ፣ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም፣ እሷ ከፎቅ ወርዳ የምድር ቤቱን አዳራሽ ስታቋርጥ፣ የወረቀት ጥቅል የጫነ ጋሪ ከግራዋ መጣ። ጋሪው ትልቅ ነው፤ ይንጫጫል፤ ነገር ግን ማሽኑ ሁሉ በሚጮህበት አዳራሽ ማን ይለየዋል? የሚገፋው ሠራተኛ ታየኛለች ብሎ አልቆመም። ማሽኒስቱ ከሩቅ አየ። ፊቷ ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ነው። ጋሪው አንድ እርምጃ ሲቀረው እንኳ ዓይኗ አልተንቀሳቀሰም። ሊሞት የቆረጠ ሰው እንኳ እንዲህ አያይም፤ ዓይኑ ይሸሻል።

"ቁሚ!" ብሎ ጮኸ።

ቆመች፤ ግን ዘገየች። ጋሪው ዳሌዋን ገጨት አድርጎ አዞራትና በሁለት እጇ ወደቀች። ሲደርስላት ሆዷን ሳይሆን ራሷን ይዛለች። "ራሴ፣ ራሴ ሊፈነዳ ነው" አለችና አስታወከች። ከዚያ ቀና ብላ ስታየው፣ ያን ሁሉ ሰሞን ያላየውን ነገር ዓይኗ ውስጥ አየ። ፍርሃት ነበር።

"ጋሪው ከየት መጣ?" አለችው። "አልነበረም እኮ። እመነኝ፣ አልነበረም።"

አቅፎ አነሳትና ወደ በሩ ሮጠ። "ወዴት ልውሰድሽ?" ሲላት አንድ የሆስፒታል ስም ነገረችው። እሱ በሕይወቱ ረግጦት አያውቅም። እሷ ግን ክፍሉን፣ ደረጃውን፣ ሐኪሟን በስም ታውቃለች። ነርሶቹም አወቋት። "ውይ የኔ እመቤት፣ ምነው ጠፋሽ?" እያሉ ተቀበሏት። ጽንሱ በመጀመሪያ ታየ፤ የልቡ ምት ደህና ነው፤ እንግዴ ልጁም አልተነካም። ከዚያ ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያ ራሷን ሊያነሱ ይዘዋት ገቡ። እሱ በረንዳው ላይ ቀረ፤ በማያውቀው ቤት እንግዳ ሆኖ።

ሐኪሟ ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። አስቀምጠው መነጽራቸውን አወለቁ።

"እርስዎ ባለቤቷ ነዎት። በሽታውን ያውቁታል ብላኛለች።"

እሳቸውም ፊቱን አይተው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

"ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ ልበልዎት፣ የአተር ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች። ፒቱታሪ ትባላለች። ትንሽ ብትሆንም የሌሎቹ ዕጢዎች አለቃ ናት፤ ወተትንም የምታዝዘው እሷ ናት። ሚስትዎ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እዚያች ዕጢ ላይ እብጠት አለባት። ካንሰር አይደለም፤ አይደንግጡ። ግን ያለ ልክ ወተት ያዝዛል። ያልወለደች ልጃገረድ ጡቷ ወተት ያወጣል፤ የወር አበባዋም ይቀራል። ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚል እርስዎም አያጡትም። የመጀመሪያው እጮኛዋ ያለው ይበቃታል።"

"ኪኒኗስ?" አለ።

"እብጠቱን የሚያሟሽሽ መድኃኒት ነው። እሱ ባይኖር አታረግዝም ነበር። እርግዝናው ሲታወቅ አስቆምናት፤ ብዙዎቹ እናቶች ከዚያ በኋላ በሰላም ይወልዳሉ። ነገር ግን እርግዝና ራሱ ዕጢዋን ያሳብጣታል፤ የሚስትዎ እብጠት ደግሞ ቀድሞም ትልቅ ነበር፤ አብሮ ሊያድግ ይችላል። ከበላይዋ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ይሻገራሉ። ሲጫናቸው መጀመሪያ የሚጠፋው የጎንና የጎን እይታ ነው። ቀስ በቀስ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም። ለዚህ ነው በየወሩ ሐሙስ ዓይኗን የምንለካው። ሁለት ሐሙስ ቀረች።" መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "ለምን ቀረች?"

ማሽኒስቱ ቀለም የነከረውን እጁን ጉልበቱ መሐል ደበቀ።

የዓይን መለኪያው ክፍል ጠባብና ጨለም ያለ ነው። ሚስቱ አገጯን ድጋፍ ላይ አድርጋ፣ አንድ ዓይኗ ተሸፍኖ፣ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነጭ ነገር ውስጥ ፊቷን አስገብታለች። እጇ ላይ የምትጫነው ትንሽ ቁልፍ አለ። ልኬታውን የሚሠሩት በአንድ እግራቸው የሚያነክሱ አዛውንት ናቸው።

"መሐሉን ብቻ እይ ልጄ። ብርሃን ብልጭ ሲልልሽ ተጫኚ" አሉ፤ ሻከር ባለ፣ በተረጋጋ ድምፅ።

ድምፁን አወቀው። ያ ሰው ነው። "ሐሙስ ስትቀር አሳስቦኝ ነው" ያለው ሰው። ማሽኒስቱ ግድግዳውን ተደገፈ።

አዛውንቱ ከፊታቸው ያለውን ስክሪን እንዲያይ አጠገባቸው ቦታ ሰጡት። ነጭ ነጥብ በየቦታው ብልጭ ይላል። መሐል ላይ ሲሆን ቀጭ ይላል ቁልፏ። ነጥቡ ወደ ጎን ወጣ፤ ዝም። ደመቀ፤ ዝም። ይበልጥ ደመቀ፤ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሚስቱ እስትንፋስ ብቻ ነው። እሷ በትጋት፣ ትምህርቱን እንደሚወድ ተማሪ፣ ያላየችውን ብርሃን ትጠብቃለች። ሌላው ዓይን ተለካ። አሁንም መሐሉ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ወደ ጆሮዋ በኩል ዝም። ስክሪኑ ላይ በስተግራም በስተቀኝም ጥቁር መጋረጃ ወረደ፤ በመሐል ጠባብ መንገድ ብቻ ቀረ።

ከጎኗ ሆኖ የተቆጣው ቁጣ፣ በጎን የሰደደው ፈገግታ፣ ያ ማቆሚያ ላይ ያነሳው እጅ፣ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ የጻፈው ጥያቄ፣ ሁሉም እዚያ ጥቁር ውስጥ ወድቀዋል። ስትንቀው የነበረ መስሎት ስትታወርበት ነበር። እሱ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ ይቆጥር ነበር፤ የወንጀል ማስረጃ አድርጎ!

"ስንት ተሳሳትኩ?" ብላ ጠየቀች፤ ፊቷን ከሳህኑ ሳታወጣ።

"አንቺ አልተሳሳትሽም ልጄ" አሉ አዛውንቱ። ስልኩን ስለዘጋባቸው ሰው ቃል አልተናገሩም። ቢናገሩ ይሻለው ነበር።

አልጋ ይዛ ስትተኛ አጠገቧ ሳይሆን ፊት ለፊቷ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

"አልቀየምኩህም" አለች። "የታመመ ሰው ያሰለቻል። ደብዳቤዬን አንብበህ 'ምንም ቢሆን አልለቅሽም' ስትለኝ፣ ምንም ማለት ይሄን ሁሉ ይጨምራል ብዬ ነበር። በዛብህ።"

"የምን ደብዳቤ?"

ፊቷን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ አዞረች።

"አትቀልድ።"

"በናቴ ሞት! የምን ደብዳቤ ነው?"

"ከሠርጉ ሦስት ሳምንት በፊት በእጄ አምጥቼ ለእናትህ የሰጠሁት። ሁሉንም ጽፌልሃለሁ፤ እብጠቱን፣ ወተቱን፣ እጮኛዬ ለምን እንደሄደ። 'ከተውከኝ ነገ በር ላይ አትጠብቀኝ፤ ከጠበቅከኝ ግን ይህን ነገር በአፍህ እንዳታነሳብኝ፤ ሲነሳ ያመኛል' ብዬ። በማግስቱ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ቆመህ አገኘሁህ። 'ምንም ቢሆን አልለቅሽም' አልከኝ።"

አስታወሰ። ያን ያለው ስለ አባቷ ነበር። በዋዜማው ማታ አባቷ ከሥራ ሊያባርሩት ዝተውበት ነበርና።

"ካላነበብክ..." አለች ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘነች፣ "ካላነበብክ፣ 'ሁሉንም አውቃለሁ፤ ሐሙስ ሰለቸኝ' ያልከው ምኑን ነው? የት የምሄድ መስሎህ ነው?"

ሊዋሽ ይችል ነበር። እሷ ግን ለዓይኗ የቀረላትን ጠባብ መንገድ ሁሉ እሱ ላይ አድርጋዋለች።

"ወንድ ጋ" አለ።

አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ድረስ ሳበችና "ውጣልኝ" አለች።

ከሆስፒታሉ እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ። እናቱ ግቢ ውስጥ ልብስ ሲያጣጥፉ አገኛቸው።

"እማዬ፣ ከሠርጉ በፊት ሚስቴ ደብዳቤ ሰጥታሽ ነበር?"

የእናቱ እጅ ቆመ። ብዙ አላንገራገሩም። ገብተው ከሣጥናቸው ሥር አንድ ፖስታ ይዘው ወጡ፤ እንደታሸገ ነው።

"እኔ ማንበብ አልችል" አሉ። "የሀብታም ልጅ ሠርግ ሊደርስ ሲል ለድሃ ልጅ ደብዳቤ ስትልክ ምን ብላ ትልካለች? ቀረሁብህ እንጂ! አንጀቴ አልችል አለኝ። አንድ ቀን ልደብቀው፣ ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል አልኩ። ከዚያ ተጋባችሁ። ካልቀረችማ ደብዳቤው ለምን ይወጣል ብዬ..." ፊቱን ሲያዩ ድምፃቸው ተሰበረ። "ምን ይላል? ልጄ፣ ምን ይላል?"

ቆሞ አነበበላቸው። ወተቱ ጋ ሲደርስ እናቱ በመዳፋቸው አፋቸውን ያዙ። መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ሲያጣጥፉት የነበረውም ልብስ ከእጃቸው ወደቀ።

"የጠረጠርኩት ነገር መልሱ ሣጥኔ ውስጥ ነበር?" አሉ። "እኔው ቆልፌበት?"

በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል ሲደርስ አባቷ በረንዳው ላይ ነበሩ። ይሰድቡኛል ብሎ ጠበቀ።

"አንተን የጠላሁህ ለዘይትህ አልነበረም" አሉት፣ ሳያዩት። "ያ ሀብታሙ ካዋረዳት፣ ይኼ ደግሞ ምን ያደርጋት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው። ፈርቼ ነበር፤ እንዳልፈራ አላደረግከኝም።"

"እውነትዎን ነው፣ ጋሼ" አለ።

ያቆመችው መድኃኒት በወደቀችበት ዕለት እንደገና ተጀምሮላት ነበር። ሐኪሟ ጊዜ ቆርጠዋል፤ በአሥር ቀን ውስጥ እይታዋ መመለስ ካልጀመረ በአፍንጫ በኩል ገብተው ቀዶ ጥገና ያደርጋሉ፤ ልጁ ሆድ ውስጥ እያለ። አሥሩን ቀን ማሽኒስቱ ፈቃድ ወስዶ በረንዳው ላይ ዋለ። እንዲገባ አልፈቀደችለትም። በሦስተኛው ቀን በነርሷ በኩል ደብዳቤ ላከላት። ይቅርታ ብቻ አልነበረም የጻፈው፤ ስልኩን ለማን እንደዘጋ፣ ቁጥሩን እንዴት እንዳጠፋ፣ እናቱ ያሉትን፣ እሱ ያመነውን፣ አንድም ሳይቀር ጻፈ። አዛውንቱን ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠይቋቸዋል። እሳቸውም "እኔም ማን እንደሆንኩ ቀድሜ መናገር ነበረብኝ፤ ደግሜም መደወል ነበረብኝ" ብለውታል። ይህንንም ጻፈ።

በአምስተኛው ቀን አስጠራችው።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለች። "ጋሪው ባይገጨኝ ኖሮ መቼ ትጠይቀኝ ነበር?"

"አልጠይቅሽም ነበር" አለ። "ያን ቀን ጥዬሽ ልወጣ ወስኜ ነበር።"

"ይሄን ደብዳቤው ላይ አልጻፍከውም።"

"ፈርቼ።"

ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። "ዓይኔ ቢጠፋ ሐሙስ ስለቀረሁ ነው የሚጠፋው። ሐሙስ የቀረሁት ደግሞ ስለምወድህ ነው። እንዳላሰለችህ። ገብቶሃል? እኔ ለፍቅር ብዬ ስታወር፣ አንተ ለቅናት ብለህ ታወርክ። ማንኛችን እንደባስን አላውቅም።"

ማሽኒስቱ አለቀሰ። እሷ አላጽናናችውም፤ ግን ውጣልኝም አላለችም።

በዘጠነኛው ቀን አዛውንቱ ልኬታውን ደገሙ። መሐል ላይ ቀጭ አለ። ነጥቡ ወደ ጎን ወጣ። ዝም። ደመቀ። ቀጭ! አዛውንቱ ዞረው አዩት። ደግሞ ቀጭ። ጥቁሩ መጋረጃ ከሁለቱም ወገን ትንሽ ተገለጠ፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ደግሞ ይበልጥ። ቢላዋ ሳይነካት ቀረ።

ዓይኗ ተመለሰ፤ እምነቷ ግን ከዓይኗ ጋር አልተመለሰም። አሁን ተጠራጣሪዋ እሷ ሆነች። "ሐኪሟ ደህና ነሽ ብለዋል" ሲላት ራሷ ደውላ ታረጋግጣለች። ዝም ሲል "አሁን ደግሞ ምን እያሰብክብኝ ነው?" ትለዋለች። መድኃኒቷን ሲሰጣት ፍሬውን ቆጥራ ትውጣለች። ሲተኙ እሱ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ዓይኗን አትከድንም። አንድም ቀን አልተቆጣም። ለምትጠይቀው ነገር ሁሉ መልስ ነበረው፤ መለሰ።

ሕፃኗ ቀኗን ጠብቃ፣ ጠዋት፣ በሰላም ተወለደች። ሐኪሟ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ መድኃኒቱ እንደማይቋረጥ፣ መድኃኒቱ ካልተቋረጠ ደግሞ ማጥባት እንደማይቻል ነገሯት። "ባልፈለግኩት ጊዜ ሲመጣ አዋረደኝ፤ በፈለግኩት ጊዜ ደግሞ..." ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም። አማቷ ጡጦውን በፈላ ውሃ አጥበው መጡና፣ ጎንበስ ብለው የምራታቸውን እጅ ሳሙ። "አንቺ አርፈሽ ተኚ ልጄ፤ ይሄን ለኔ ተይው" አሉና ወጡ።

ክፍሉ ውስጥ ሦስቱ ብቻ ቀሩ። እሱ በሩ አጠገብ ቆሟል። እንዲቀርብ አልተጠራምና አልቀረበም።

"እጅህን ታጥበሃል?" አለችው።

"ሦስት ጊዜ።"

"አሳየኝ።"

ዘርግቶ አሳያት። ጥፍሩ ሥር ያለው ቀለም እምቢ ብሎ ቀርቷል እንጂ ንጹሕ ነው። አየችው፤ ልጅቱን አየች፤ እንደገና እሱን አየች።

"ያዛት" አለች። "አንገቷን ደግፍ። እንደሱ አይደለም። አዎ፣ እንደሱ።"

ተቀበላት። ከአንድ እስር ወረቀት የማትበልጥ ነገር እንዲህ ትከብዳለች ብሎ አላሰበም ነበር። ሚስቱ ለትንሽ ጊዜ እጆቹን ስትመረምር ቆየች። ጣቶቹን፣ ክርኑን፣ የልጅቱን አንገት። ከዚያ ረጅም እስትንፋስ አወጣችና ራሷን ትራሱ ላይ ጣለች። ዓይኗ ቀስ ብሎ ተከደነ፤ ትንሽ ገለጥ አለ፤ ተከደነ። ብዙም ሳይቆይ፣ እሱ ነቅቶ ልጇን ይዞ እያለ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

እንዳትነቃ ፈርቶ እስትንፋሱን ቀነሰ። ክንዱ ደነዘዘ፤ አላንቀሳቀሰውም። ነርሷ ገብታ በሹክሹክታ "ልቀበልህ?" ስትለው በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።